ልጆቻችን ታሪክና ሲቪክስ የሚያመልጣቸው ሀይስኩል ሳይገቡ ነው

እህቴ፣ 9ኛ ክፍል የገባው ልጅሽ ኮንግረስና ፕሬዚዳንት ስራቸው ምን እንደሚለያይ ስትጠይቂው መመለስ አቃተው፣ ትንሿ ደሞ 3ኛ ክፍል ናት፣ «አሜሪካ ትምህርት ቤት ታሪክና ሲቪክስ (መንግስት እንዴት እንደሚሰራና የዜጋ መብትና ግዴታ) ጭራሽ አያስተምሩም እንዴ፣ ልጄን ግል ትምህርት ቤት ላስገባው ወይ» ነው ያልሽው። ከስር ብዙ ሰው «አያስተምሩም» ብሎ ስለመለሰልሽ ነው እኔም ረዘም አድርጌ ልጽፍ የተነሳሁት። ሜሪላንድ ውስጥ ሚድል ስኩል የሶሻል ስተዲስ (ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ሲቪክስ አንድ ላይ የሚሰጥበት) ክላስ ውስጥ ረዳት አስተማሪ ሆኜ ለዓመታት ሰርቻለሁ፣ ልጆቼንም እዚሁ ፐብሊክ ስኩል ነው ያሳደግኩት፣ ያየሁትን ልንገርሽ።

ያስተምራሉ። ግን ዘግይተው ነው የሚጀምሩት፣ ችግሩ ያለው እዛ ላይ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ፣ እኛ አገር ሀይስኩል ስንማር ትምህርት ሚኒስቴር ያሳተመው መጽሐፍ ነበረ፣ ጎንደርም ሆንሽ ሀዋሳ ያው አንድ መጽሐፍ ነው። እዚህ እንደዛ የለም። ዋሽንግተን ያለው የፌደራል ትምህርት መስሪያ ቤት ለትምህርት ቤቶች ይሄን አስተምሩ ይሄን አታስተምሩ ማለት በህግ የተከለከለ ነው። ስቴቱ ስታንዳርድ ያወጣል፣ ካውንቲው ካሪኩለሙን ያዘጋጃል፣ ከዛ ክላስ ውስጥ የሚሆነው የአስተማሪው ነው። ስለዚህ ቴክሳስ ያለች የአክስትሽ ልጅ የምትማረው ታሪክና ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ልጅ የሚማረው አንድ አይደለም፣ ፖቶማክ ወንዝን ተሻግረሽ ቨርጂኒያ ስትገቢ እንኳን ይለያል።

አሁን ዋናው ነገር። በ2002 ፕሬዚዳንት ቡሽ የፈረሙት ኖ ቻይልድ ሌፍት ቢሃይንድ የሚባል ህግ አለ፣ ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለ ልጅ በየዓመቱ ንባብና ሂሳብ እንዲፈተን አስገደደ፣ በኋላም ሳይንስ በተወሰኑ ክፍሎች ተጨመረ። ሶሻል ስተዲስ የለበትም። በ2015 ህጉ በሌላ ሲተካም ይሄ አልተቀየረም። ትምህርት ቤቱ የሚመዘነው በንባብና በሂሳብ ከሆነ ፕሪንሲፓሏ ምን ታደርጋለች? የጠዋቱን ሰዓት በሙሉ ለንባብና ለሂሳብ ትሰጣለች፣ ሶሻል ስተዲስ ከሰዓት በኋላ የተረፈችውን ሰዓት ከሳይንስ ጋር ይካፈላል፣ በረዶ ወርዶ ትምህርት ዘግይቶ የጀመረ ቀን ወይ ስብሰባ ያለ ቀን መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ነው። ቨርጂኒያ የ3ኛ ክፍል የታሪክ ፈተና ነበራት፣ በ2014 ህግ አውጥተው አስቀሩት፣ ፈተና በዛ የሚለው ቅሬታ ትክክል ነበር፣ ግን ፈተናው ሲቀር ሰዓቱም አብሮ የሚቀርበት ትምህርት ቤት ይኖራል።

ስለዚህ ልጆቹ እኛ ጋ 6ኛ ክፍል ሲመጡ ማርቲን ሉተር ኪንግንና ሮዛ ፓርክስን ሁሉም ያውቃሉ፣ ከኬጂ ጀምሮ በየጃንዋሪውና በየፌብሩዋሪው ሰምተዋል። ግን ሮዛ ፓርክስ አውቶብስ ላይ አልነሳም ካለች በኋላ አላባማ ያለችው የሞንጎመሪ ከተማ ጥቁሮች 381 ቀን አውቶብስ ሳይሳፈሩ እንደቆዩና እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሰው እንዳሸነፉ ስትነግሪያቸው አፋቸውን ከፍተው ነው የሚሰሙሽ። ደክሟት የተቀመጠች ሴትዮ ብቻ ነው የሚመስላቸው። ከዛ በፊት ያለው ደሞ ባዶ ነው፣ ባርነት ቀረ፣ ከዛ ኪንግ መጣ፣ በመሀል ያለው መቶ ዓመት የለም። 14ኛው የህገ መንግስት ማሻሻያ በ1868 ጸድቆ እኩልነት በህገ መንግስት ተጽፎ ሳለ እንዴት ነው በ1896 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጥቁርና ነጭን መለያየት ህጋዊ ነው ያለው ብለሽ ብትጠይቂ፣ ጥያቄው ራሱ ለምን ጥያቄ እንደሆነ አይገባቸውም፣ ምክንያቱም ህገ መንግስት ምን እንደሚሰራ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳቸውም። ልጆቹ ሰነፍ ሆነው አይደለም፣ ይሄን ደግሜ እላለሁ፣ ሲነገራቸው እንደዛ የሚጓጉበት ሌላ ክላስ አላየሁም።

ቁጥሩም ይሄንኑ ነው የሚናገረው። ናኢፕ የሚባለው አገር አቀፍ ፈተና በ2022 ለ8ኛ ክፍል ሲሰጥ በአሜሪካ ታሪክ ፕሮፊሸንት የደረሱት 13 ከመቶ፣ በሲቪክስ 22 ከመቶ ናቸው። አንዳንዱ ሰው ይሄን ይዞ «87 ከመቶው ወደቀ» ይላል፣ ትክክል አይደለም፣ ፕሮፊሸንት የሚሉት ከማለፊያ ከፍ ያለ ደረጃ ነው። ግን በታሪክ 40 ከመቶው ቤዚክ ከሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ እንኳን በታች ነው የሆነው፣ እሱ ነው የሚያስደነግጠው። የሲቪክስ ውጤት ደሞ ይሄ ፈተና በአሁኑ መልኩ በ1998 ከተጀመረ ወዲህ ሲወርድ የመጀመሪያው ነው።

የኛን ልጆች በተለይ የሚነካ ነገር አለ፣ ሰው ሲያወራው ስለማልሰማ እዚህ ልጻፈው። ቤት አማርኛ የሚናገር ልጅ ኤለመንተሪ ሲገባ ብዙ ጊዜ ኢሶል (እንግሊዝኛ ገና ለሚማሩ ልጆች የሚሰጥ ትምህርት) ውስጥ ይገባል አይደል፣ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ከክላስ እያወጣች ለብቻ ታስተምረዋለች። መቼ ነው የምታወጣው? ከንባብና ከሂሳብ ሰዓት ማውጣት ስለማይፈልጉ ብዙ ጊዜ ከሶሻል ስተዲስ ወይ ከሳይንስ ነው። እኔ የማውቃቸው የሀበሻ ልጆች እንደዛ ሁለት ሶስት ዓመት ያለፋቸው አሉ፣ እንግሊዝኛቸው ጥሩ ሆኖ ሚድል ስኩል ሲመጡ ስለ አገሪቱ ምንም አልሰሙም፣ ወላጅም አያውቅም፣ ሪፖርት ካርዱ ላይ አይታይማ። የሚያናድደው ደሞ ፎርድሃም ኢንስቲትዩት የሚባለው የትምህርት ጥናት ተቋም በ2020 ባወጣው ጥናት ኤለመንተሪ ላይ ሶሻል ስተዲስ በዛ ያለ ሰዓት ያገኙ ልጆች 5ኛ ክፍል ሲደርሱ ንባባቸው የተሻለ ሆኖ ነው የተገኘው፣ ይበልጥ የተጠቀሙት ደሞ ሴቶች ልጆች፣ ገቢያቸው ዝቅ ያለ ቤተሰቦች ልጆችና ቤታቸው እንግሊዝኛ የማይነገር ልጆች ናቸው። እንግዲህ ለንባብ ተብሎ የተቀነሰው ሰዓት ለንባብ የሚጠቅመው ሰዓት ነበር ማለት ነው። ልጅ የሚያነበው ነገር ስለምን እንደሆነ ካላወቀ ቃሉን ቢያነበው ምን ይጠቅመዋል።

ሌላው ሁሉም ሰው ስለሚጮህበት ነገር፣ ከ2021 ጀምሮ ቴክሳስ ፍሎሪዳና ሌሎችም ስቴቶች ስለ ዘርና ስለ ባርነት እንዴት እንደሚወራ የሚገድብ ህግ አወጡ፣ ፍሎሪዳ በ2023 የአፍሪካን አሜሪካን ጥናት የሚባለውን የኤፒ (ሀይስኩል ላይ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ) ኮርስ አልቀበልም አለች። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ አስተማሪ ሲፈራ ትምህርቱን ያሳጥራል፣ ጥያቄ ሲነሳ ወደ ሚቀጥለው ገጽ ይሄዳል። ግን እኔን ብትጠይቂኝ ቴሌቭዥን የሚያወራው ስለ ሀይስኩል መጽሐፍ ይዘት ነው፣ ልጁ ግን የተጎዳው 3ኛና 4ኛ ክፍል ላይ ሰዓቱ ስላልነበረ ነው። ሰዓት የሌለው ትምህርት ይዘቱ ግራም ሆነ ቀኝ ምን ዋጋ አለው።

ወደ ልጅሽ ስመጣ፣ ስቴትሽን አልጻፍሽም። ሜሪላንድ ከሆናችሁ ለመመረቅ የአሜሪካ ታሪክ፣ የዓለም ታሪክና ገቨርንመንት (የሲቪክሱ ኮርስ) የግድ ነው፣ ሞንጎመሪ ካውንቲ ገቨርንመንት 10ኛ ክፍል ላይ ነው የሚወስዱት፣ የስቴት ፈተናም አለው። ስለዚህ ልጅሽ ገና ሊማረው ነው። ቨርጂኒያ ከሆነ ብዙውን ጊዜ 12ኛ ክፍል ላይ ነው። አንድ ልብ በይ፣ ሜሪላንድ ላይ አብዮቱንና የእርስ በርስ ጦርነቱን 8ኛ ክፍል ተምረው ሀይስኩል ላይ ከዛ በኋላ ካለው ነው የሚቀጥሉት፣ በ13 ዓመቱ ካመለጠው ተመልሶ አያገኘውም፣ ቤት ውስጥ መሸፈን አለብሽ።

ቤት ውስጥ እንዴት ካልሽኝ፣ እኛ ቤት የሰራው እናቴ ናቸው። ለሲቲዝንሺፕ ሲያጠኑ ልጄ ጥያቄውን እያነበበችላቸው እሳቸው በአማርኛ ይመልሱ ነበር፣ ዕድሜያቸው 65 ያለፈና ግሪን ካርድ ይዘው 20 ዓመት የቆዩ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋ፣ ከ20 ጥያቄዎች ዝርዝር ብቻ ነው የሚጠየቁት። ልጅቷ መልሱን እያረመች ራሷ መጠየቅ ጀመረች፣ ዳኞቹን የሚመርጠው ማነው፣ ለምን ዕድሜ ልክ ይቀመጣሉ ምናምን። አሁን ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ያመለከተ ሰው ፈተናው ተቀይሯል፣ 128 ጥያቄ ተጠንቶ 20 ተጠይቆ 12 መመለስ ነው። ቤትሽ የሚያጠና ሰው ካለ ልጁን አስተማሪ አድርጊው። ዝርዝሩ ግን መነሻ ብቻ ነው፣ አሪዞና በ2015 ሀይስኩል ለመጨረስ ይሄን ፈተና ማለፍ ግዴታ ያደረገች የመጀመሪያዋ ስቴት ናት፣ እኔ ግን ሴናተሮች 100 ናቸው ብሎ መመለስ የቻለ ልጅ ሲቪክስ ያውቃል አልልም።

ሲቪክስ ሲሰራ ነው የሚገባው። ሜሪላንድ ያለችው ታኮማ ፓርክ በ2013 ለከተማ ምርጫ የመምረጫ ዕድሜን ወደ 16 ያወረደች የመጀመሪያዋ የአሜሪካ ከተማ ናት፣ እዛ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለከተማው ምክር ቤት ይመርጣል፣ ስንት ሀበሻ እዛ ኖሮ ይሄን አያውቅም። የሞንጎመሪ ካውንቲ የትምህርት ቦርድ ላይ የሚቀመጥ ተማሪ አለ፣ የሚመርጡት ሚድል ስኩልና ሀይስኩል ያሉ ተማሪዎች ናቸው፣ ልጅሽን ማንን መረጥክ ለምን ብለሽ ጠይቂው። የቦርድ ስብሰባ ኦንላይን ይተላለፋል፣ የትምህርት ቤቱ አውቶብስ መስመር ሲቀየር አንድ ላይ እዩት። ለትንሿ አይሲቪክስ የሚባለውን ክፈችላት፣ ጡረታ የወጡት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር በ2009 ያቋቋሙት ነው፣ ጌሞቹ ነጻ ናቸው። ለትልቁ ናሽናል ሂስትሪ ደይ፣ ከ6ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ልጆች ራሳቸው ርዕስ መርጠው በዘመኑ የተጻፉ ሰነዶችን አንብበው የሚወዳደሩበት ነው፣ የመጨረሻው ውድድር ኮሌጅ ፓርክ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚደረገው። ልጄ ዓድዋ ድል የሆነበት ዓመትና ፍርድ ቤቱ ጥቁርና ነጭ ይለያዩ ያለበት ዓመት አንድ መሆኑን፣ ሁለቱም 1896 መሆናቸውን ስታውቅ ነው ታሪክ የያዛት፣ ያን ቀን ሁለቱን አገሮቿን አንድ ገጽ ላይ አየቻቸው። ዓድዋን ትምህርት ቤት ላይ አትጠብቂ፣ የቨርጂኒያ ስታንዳርድ አክሱምን በስሙ ይጠራል፣ ኤፒ ወርልድ የሚባለው የዓለም ታሪክ ኮርስም ኢትዮጵያን በምሳሌ ያነሳል፣ ዓድዋ ግን አስተማሪው ከፈለገ ነው።

ለዚህ ብለሽ ግል ትምህርት ቤት አታስገቢው። የግሎቹ የስቴቱን ፈተና ስለማይወስዱ አንዳንዱ በጣም ጎበዝ ነው አንዳንዱ ደሞ ከፐብሊኩ ያነሰ፣ ያን ሁሉ ብር የሚያስከፍል ልዩነት አይደለም። እኔን ያሳሰበችኝ ትንሿ ናት። የወላጅና የአስተማሪ ኮንፈረንስ ስትሄጂ አስተማሪዋን በሳምንት ሶሻል ስተዲስ ስንት ደቂቃ ነው፣ ስኬጁሉን ላየው እችላለሁ ወይ በያት፣ ኢሶል ውስጥ ካለች ደሞ ከየትኛው ክላስ ነው የምትወጣው ብለሽ ጠይቂ። ከሶሻል ስተዲስ ከሆነ ሰዓቱ ይቀየርልኝ ብለሽ በኢሜል ጻፊ፣ በቃል አትተይው፣ አስተርጓሚ ከፈለግሽም በነጻ ማግኘት መብትሽ ነው። ስቴትሽንና ካውንቲሽን እዚህ ከጻፍሽልኝ የየክፍሉን ስታንዳርድ የት እንደምታገኚው አሳይሻለሁ።