በረካ የሌለው ቡና

ጅማ ከመመለሴ በፊት 14 ዓመት ዋሽንግተን አካባቢ ኖሬያለሁ፤ ሥራዬ አረጋውያንን መንከባከብ ነበር፣ የማታ ፈረቃ። ስለ ስልክ የምመክራችሁ እንደ ሐኪም ሳይሆን በሱሱ ተይዛ እንደወጣች እህታችሁ ነው።

በበጋቸው፣ እዚያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ጅማ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሂርማታ ገበያው ደርቷል፣ አገር ነቅቷል፤ እኔ መተኛት አለብኝ። «ደህና ማደራቸውን ልይ» ብዬ ስልኬን አነሳለሁ። ከፌስቡክ ወደ ቲክቶክ፣ ከቲክቶክ ወደ ዩቲዩብ። ቀና ስል ነግቷል። አንድ ቀን እናቴ ደውላ «ልጄ፣ ምነው ጠፋሽ?» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ አገሬን ሳይ እያደርኩ፣ ለእሷ ከደወልኩ ወር አልፎኝ ነበር።

ቡና መጨረሻ አለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ከዚያ ረከቦቱ ይነሳል፣ ሰውም ወደየጉዳዩ ይሄዳል። ስልኩ በረካ የለውም። ቢያንሸራትቱት ማለቂያ የሌለውን ገጽ በ2006 (እ.ኤ.አ.) የፈጠረው አዛ ራስኪን ራሱ ኋላ በሥራው ተጸጽቷል። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ደግሞ ቀደም ብሎ በአይጥና በእርግብ እንዳሳየው፣ ምግቡ መቼ እንደሚመጣ የማያውቅ እንስሳ ሳይታክት ይሞክራል። እኛም እንደ ሎተሪ ነው የምንፍቀው፤ ዘጠኙ ባዶ ቢሆን አሥረኛው የሠፈር ልጅ ሠርግ ይሆናል። ጅማ ያደገ ሰው የጫት ሐራራን ያውቃል፤ ሰዓቱ ሲደርስ የሚያዛጋውን፣ የሚነጫነጨውን። ያንኑ ስልኬ ባትሪ የጨረሰ ቀን በራሴ ላይ አየሁት።

የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታ መዝገቡ ያሰፈረው የጌም ሱስን ነው፤ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ይሠራበታል። የማኅበራዊ ሚዲያ ሱስ ለብቻው እዚያ አልሰፈረም። ምልክቶቹን ግን በራሳችሁ ላይ ፈልጓቸው፦ መቆጣጠር ማቃት፣ ከሌላው ሁሉ እሱን ማስቀደም፣ እየጎዳ መቀጠል።

ድባቴና ስልክ ማን ማንን እንዳመጣ መለየት ያስቸግራል። የከፋው ሰው ስልኩ ውስጥ ይደበቃል፤ እዚያ እንቅልፍ ያጣል፤ እንቅልፍ ያጣ ደግሞ ይብስበታል። በጦርነቱ ዓመታት ስንቶቻችን መርዶ ስንጠብቅ አደርን! ስለዚህ ሰውን «ስልክህን ጣል» ብላችሁ አትሂዱ፤ ሥሩ ናፍቆትና ብቸኝነት ነው።

እኔን የረዳኝ ይህ ነው፤ ስልኩን ኩሽና ውስጥ ቻርጅ ላይ አሳድሬ የደወል ሰዓት ገዛሁ። ከቤተሰብ ጥሪ በቀር ኖቲፊኬሽኑን ሁሉ ዘጋሁ። የአገር ዜናን ለቀን አደረግሁት። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው፤ ሐራራው ይመጣል።

እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ጠፍቶ ሁለት ሳምንት ካለፈ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ አሜሪካ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። የሞት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀን አትቁጠሩ፤ አሜሪካ ያላችሁ ወዲያው 988 ደውሉ። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፤ ሐኪሙን ግን አትተዉ።

እሑድ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ በዋሽንግተን በበጋቸው ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ቪዲዮ ደውሉ። ስልኩን ረከቦቱ አጠገብ እናስደግፈዋለን፤ እናንተም በዚያ ጀበናችሁን ጣዱ። በረካው ተጠጥቶ ሲያልቅ እንዘጋዋለን።