ሶፍ ዑመርን ልንለካ ነው፤ ደብተሩን ማን ይይዘዋል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜና እሁድ ተራራ የምንወጣ ጓደኛሞች ነን፤ ሁለታችን ቅየሳ ተምረናል። ለጥር ባሌ ወርደን ሶፍ ዑመር ዋሻ ለመግባት አስበናል። ማየት ብቻ ሳይሆን የጎን መተላለፊያዎቹን መለካት እንፈልጋለን። ግማሻችን «በስልክ አፕ ይለካ» ይላል፣ ግማሻችን «ወረቀት ይሻላል» ይላል፤ በዚህ ተጣልተናል። ምን እንያዝ? የለካነውንስ እንዴት እናስቀምጠው?
ከአዳማ

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ዋሻው ተለክቷል። በፈረንጆቹ 1972 የእንግሊዝ አሳሾች ገብተው 15.1 ኪሎ ሜትር ለክተዋል። ዛሬም ድረስ «የኢትዮጵያ ረጅሙ ዋሻ» ሲባል የሚጠራው ቁጥር ያው የነሱ ነው። ይህን የምለው ተስፋ ላስቆርጣችሁ አይደለም። ግን አስቡት፣ ውሃውን እንዴት እንደተሻገሩና ምን በልተው እንደዋሉ ዛሬ የሚጠይቅ የለም፤ ከ50 ዓመት በላይ አልፎ እየሠራ ያለው በወረቀት ያስቀሩት ነው። ስለዚህ ገመድና ራስ ቁር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ሰው ምረጡ። ሥራው መዝገብ መያዝ ብቻ ይሁን። ፎቶ አያነሳም፣ ምግብ አያበስልም፣ ደብተሩን ይጠብቃል።

ጥር ጥሩ ወር ነው፤ ወንዙን ግን አትመኑት። በዋሻው ውስጥ የሚያልፈው ወይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ነው የሚነሳው፤ እናንተ ያላችሁበት ፀሐይ እየጠበሰ ደጋው ላይ ሊዘንብ ይችላል። ውሃው ከደፈረሰ ወይም ከፍ ካለ ውጡ፣ እዚያው ቆማችሁ አትከራከሩ። ለእያንዳንዱ ሰው ሦስት መብራት ያስፈልጋል፣ አንዱ ግንባር ላይ የሚታሰር። ውጭ የሚቀር ሰው ደግሞ ይኑር፤ ስንት ሰዓት እንደምትወጡ ይወቅ፣ ካልወጣችሁ ለማን እንደሚደውልም ይወቅ። የሌሊት ወፍ ኩስ የተከመረበት ቦታ ስትደርሱ ማስክ አድርጉ፣ አቧራው ሳንባ ያሳምማል።

ፈቃድ ላይ አትቀልዱ። ቦታው ከሼህ ሶፍ ዑመር ጋር የተያያዘ ነው፣ ሰው ለዝያራ ይመጣል። ወረዳው ጎሮ ላይ ነው። ከባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ያዙ፣ ግን ደብዳቤው ብቻውን አይበቃም፤ የአካባቢውን ሽማግሌዎች አናግሩ፣ አስጎብኚ ከዚያው ውሰዱ። ሸክላም ሆነ አጥንት ካያችሁ አትንኩ። መቆፈር ደግሞ ጨርሶ የለም።

አሁን ወደ ጠባችሁ። ሁለቱንም ያዙ። ዲስቶኤክስ የሚባል መሣሪያ አለ፤ ሌዘር ሜትር ውስጥ ኮምፓስና የተዳፋት መለኪያ ተጨምሮበት ንባቡን በብሉቱዝ ወደ ስልክ ይልካል፣ አንድሮይድ ላይ ቶፖድሮይድ የሚባለው ነፃ አፕ ይቀበለዋል። ፍጥነቱ ሌላ ነው። ችግሩ፣ ከመግባታችሁ በፊት ካሊብሬት መደረግ (ንባቡ መስተካከል) አለበት፤ በተለያየ አቅጣጫና አያያዝ 56 ንባብ ይወሰዳል። ይህን ፌሮ ያለበት ቤት ውስጥ ወይም መኪና አጠገብ ካደረጋችሁት መሣሪያው ገና ከቤት ተሳስቶ ነው የሚወጣው። ዲስቶኤክስ ካጣችሁ ተራ ሌዘር ሜትር፣ ጥሩ ኮምፓስና ክሊኖሜትር (የተዳፋት መለኪያ) ይበቃችኋል፤ ከነጥብ ወደ ነጥብ አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ አንብቡ፣ የኮምፓሱ የኋላ ንባብ በ180 ዲግሪ ከታረመ በኋላ ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ ካለፈ ድገሙት። የግንባር ባትሪውን ከኮምፓሱ አርቁ። አንድ ዲግሪ ስህተት በ100 ሜትር ላይ ወደ 1.75 ሜትር ጎን ይወስዳችኋል፤ ማንም ቆሞ አያየውም፣ ካርታው ላይ ግን ግድግዳ በግድግዳ ውስጥ ያልፋል።

ስልኩ ቢረጥብ፣ ባትሪው ቢያልቅ፣ ውሃ በማይጎዳው ወረቀት ላይ በእርሳስ የተጻፈው ይተርፋል። ቁጥሩንም ንድፉንም ጻፉ። እስክሪብቶ አይደለም፣ እርሳስ። ተሳስታችሁ ከሆነ አትፍቁ፣ ሰረዝ አድርጋችሁ ከጎኑ ጻፉ፤ የተፋቀ ቁጥር ነገ ማስረጃ አይሆንም። የመጀመሪያውን ደብተር «ንጹሕ» አድርጎ መገልበጥ የሚወድ ሰው ከመካከላችሁ ካለ ተው በሉት፤ ጭቃ ያለበት ገጽ ራሱ ነው መዝገቡ።

አሁን ብዙ ቡድን የሚወድቅባቸውን ልንገራችሁ፣ ሁሉም ትናንሽ ይመስላሉ። የነጥብ ስም፦ ሁለት ቡድን ሁለቱም «1፣ 2፣ 3» ብለው ከጻፉ ማታ ማን የማንን እንደለካ አታውቁም። ለእያንዳንዱ መተላለፊያ የራሱ ፊደል ስጡ። ቀን፦ አንዱ በኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ከጻፈ የሰባት ስምንት ዓመት ልዩነት ይመጣል። ይህ ለታሪክ ብቻ አይደለም። የኮምፓስ ሰሜንና የካርታ ሰሜን ልዩነት በየዓመቱ ይንቀሳቀሳል፣ ኮምፒውተሩም የሚያርመው የጻፋችሁትን ቀን አይቶ ነው። በፈረንጅ ጻፉ፣ አጠገቡ የኛን ጨምሩ። ሰዓትም እንዲሁ፤ «3 ሰዓት» ጠዋት ይሁን ከሰዓት የሚያነበው የውጭ ሰው ከሆነ አያውቅም። በሩ ላይ በጂፒኤስ የያዛችሁትን ነጥብ በየትኛው ዳተም (ቦታ የሚሰላበት የምድር መነሻ ስሌት) እንደሆነ ጻፉ። የቆዩት የኢትዮጵያ 1፡50,000 ካርታዎች አዲንዳን በሚባለው የተሠሩ ናቸው፣ ጂፒኤሱ ደብልዩጂኤስ 84 ነው፤ ሁለቱን ብትቀላቅሉ ዋሻው ከ200 ሜትር በላይ ይዘልላል። ዩቲኤም በሚባለው የካርታ መረብ ቦታው ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ነው።

በየማታው አንዱ ከደብተሩ ያንብብ፣ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ይጻፍ። ቢደክማችሁም። ጭንቅላት ውስጥ ያለው ንድፍ ካደረ ይጠፋል። ልኬቱን የሚያሰላው ሰርቬክስ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ፋይሉም ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ከብዙ ዓመት በኋላም በማንኛውም ኮምፒውተር ይከፈታል፤ ለሥዕሉ ቴሪዮን አለ፣ እሱ ግን ትንሽ ያስለፋል። ሶፍ ዑመር መተላለፊያው እርስ በርሱ የተሳሰረ ስለሆነ ዙራችሁ ተመልሶ ከተነሳችሁበት ነጥብ ላይ መግጠም አለበት። 200 ሜትር ዞራችሁ በ2 ሜትር ከሳተ 1 በመቶ ነው፣ ያስኬዳል። ከዚያ በጣም ከበለጠ ፕሮግራሙ ስህተቱን በየነጥቡ አከፋፍሎ እንዲደብቅላችሁ አትተዉት። በመጀመሪያ ኮምፓሱን በተቃራኒ ያነበበ ሰው ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ 180 ዲግሪ ነው ጉዱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል እንዲህ ነው፣ ተመልሳችሁ መግባት ሊኖርባችሁ ይችላል።

ያልጨረሳችሁትን ቀዳዳ ሁሉ በዝርዝር ያዙ፦ የት ነው፣ ምን ያህል ይሰፋል፣ ለምን ቆማችሁ። «ይቀጥላል» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ሰው ለሚቀጥለው ቡድን ምንም አልተወም።

ጥያቄ፦ ፎቶና ዳታውን ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ካስቀመጥነው አይበቃም?
ያው ከአዳማ

መልስ፦ ለሦስተኛ ቅጂነት ይሆናል። የደብተሩን ገጽ ግን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለዚያ ይጨመቅና የእርሳሱ ጽሑፍ ይደበዝዛል። አንዱን ፍላሽ ላይ፣ አንዱን ሌላ ሰው ቤት አኑሩ። ከዚያ አንድ ሙሉ ቅጂ፣ ደብተሩ ስካን ተደርጎ፣ ለጎሮ ጽሕፈት ቤትና ሮቤ ላለው ማዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ስጡ። ያልታወቀ ትንሽ ዋሻ ካገኛችሁ ደግሞ ጂፒኤሱን ግሩፕ ላይ አትልቀቁት፣ በተለይ ውስጡ የቆየ ነገር ካለ። እሱን በቀጥታ ለቅርስ ባለሥልጣን አሳውቁ።