የመኪና ጉዞ ፍርሃት፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

እንደምን አመሻችሁ። ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ነኝ። ወደ እኔ ከሚመጡት ብዙዎቹ መኪና መሳፈር ወይም መንዳት የሚያስጨንቃቸው ሰዎች ናቸው። አደጋ ያዩ አሉ። ምንም ሳይደርስባቸው አንድ ቀን ድንገት የተያዙም አሉ። ስትጠይቁኝ ዘርዝሩልኝ፦ የት ነው? ከማን ጋር? ሰውነታችሁ ምን ይሆናል?

የማርቆሷ፦ ቤተሰቦቼ ደብረ ማርቆስ፣ እኔ አዲስ አበባ ነኝ። ጎሃ ጽዮንን አልፈን የአባይ በረሃ ቁልቁለት ሲጀምር ልቤ በኃይል ይመታል። እጄን ይነዝረኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል። ሞትኩ እላለሁ። ለፋሲካ እንኳ ሳልሄድ ቀረሁ። ልቤ ታሞ ይሆን?

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ሐኪም ልብሽን ይመርምረው። ደህና ነው ከተባልሽ በየወሩ እየሄድሽ አታስመርምሪ።

አሁን በረሃውን እንየው። ከጎሃ ጽዮን እስከ አባይ ድልድይ ከ1000 ሜትር በላይ ትወርጃለሽ። ጆሮሽ ይደፈናል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ኩርባው ያንገላታሻል። ይሄ የማንም ተሳፋሪ ሰውነት የሚሰማው ነው። አንቺ ግን «አንድ ነገር ልሆን ነው» ብለሽ ተረጎምሽው። ያኔ አድሬናሊን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ትንፋሽ ቶሎ ቶሎ ይላል። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ ከደምሽ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። የእጅ መንዘሩም፣ የራስ ማዞሩም ከዚያ የመጣ ነው። አየር ያነሰሽ ይመስልሻል እንጂ አብዝተሽ ነው የተነፈስሽው። ስለዚህ አየር ለመሳብ አትታገዪ፤ በአፍንጫሽ ቀስ ብለሽ አስገቢ፣ ከዚያ ረዘም አድርገሽ አስወጪ።

ራሴን እስታለሁ ብለሽም ትፈሪ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ድንጋጤ የደም ግፊት ከፍ ይላል እንጂ አይወርድም፤ ስለዚህ መሳት ብርቅ ነው። ጭንቀቱ በደቂቃዎች ውስጥ ጫፍ ይደርስና ይበርዳል። አንቺ ግን ሲበርድ አይተሽው አታውቂም፤ ከዚያ በፊት ትሸሺያለሽ። ፋሲካን ስትቀሪ እፎይ አልሽ አይደል? ፍርሃቱን ያሳደገው ያ እፎይታ ነው። አእምሮሽ «የዳንኩት ስለቀረሁ ነው» ብሎ መዘገበ።

መንገዱ ሰላም መሆኑን አጣሪና ደረጃ በደረጃ ጀምሪ። ከአዲሱ ገበያ እንጦጦን ወጥተሽ ሱሉልታ ደርሰሽ ተመለሺ። እሱን ደጋግሚው፣ እስኪሰለችሽ። ቀጥሎ ፍቼ፣ ከዚያ ጎሃ ጽዮን ደርሶ መመለስ፣ ከዚያ ድልድዩ። ከመነሳትሽ በፊት ጭንቀትሽን ከ0 እስከ 10 ስጪው፣ ስትደርሺም እንደገና። ወደሚቀጥለው የምታልፊው ቁጥሩ ሲወርድ ነው። ፍርሃቱ እስኪጠፋ ቤት ቁጭ ብለሽ አትጠብቂ፤ ቤት ውስጥ አይጠፋም።

ሚኪ፦ ዶክተር፣ ጓደኛዬ ከጉዞ በፊት ዲያዜፓም፣ የሚያረጋጋውን ክኒን፣ ውሰድ ብላ ሰጠችኝ። ልዋጠው?

መልስ፦ ዶክተር አይደለሁም፣ መድኃኒት አላዝም። ለሌላ ሰው የታዘዘ ክኒን አትዋጥ። ሱስ ያስይዛል፤ እንደምንም ብትደርስም «ክኒኑ አዳነኝ» ትላለህ እንጂ ምንም አትማርም። ለመንዳት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም።

እንግዳ፦ እኔም መኪና እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የት? ከማን ጋር? ሰውነትህ ምን ይሆናል? መግቢያው ላይ ጠይቄያለሁ። ይህን ሳላውቅ የምመልሰው የለኝም።

ሹፌሩ፦ ይቅርታ፣ እኔ ብዙ ዓመት አገር አቋራጭ የነዳሁ ነኝ። ችግሩ ተሳፋሪው ነው። ከኋላ «ቀስ በል!» እያለ ሲጮህ ሹፌር ይረበሻል።

ቤቲ፦ ጫት እየቃመ፣ በአንድ እጁ ስልክ እያወራ ኩርባ ላይ የሚቀድምን ዝም እንበለው?

ሹፌሩ፦ ሁላችንም እንደዛ አይደለንም! ስንቶቻችን ነን ተጠንቅቀን የምንነዳ።

ቤቲ፦ ሌሊት በሚኒባስ የሚጭኑትስ? እንቅልፍ እየጣለው ነው የሚነዳው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ፤ ግን ሁለት ነገር አትቀላቅሉ። ሹፌሩ እንቅልፍ ከጣለው፣ ከቃመ፣ ኩርባ ላይ ከቀደመ፣ የምትሰሙት ፍርሃት ጤናማ ነው። እሱን ለማጥፋት አልረዳችሁም። መብታችሁ ነው፤ «ወራጅ አለ» በሉ፣ ሰው ያለበት ቦታ ውረዱ። ሌሊት አትጓዙ፤ ቀበቶ ያለው ወንበር ምረጡ። እኔ የማወራው መኪናው ደህና፣ ሹፌሩ ንቁ፣ መንገዱ ሰላም ሆኖ ሰውነታችሁ ግን አደጋ ላይ ነን ስለሚልበት ጊዜ ነው።

ወለተ ማርያም፦ ጸሎት ያለው ሰው ምን ያስፈራዋል? ይሄ ሁሉ የእምነት ማነስ ነው።

አቡኪ፦ እኛም የጉዞ ዱዓ አለን፣ አድርገነውም እንጨነቃለን። ሰው በመጨነቁ እምነቱ አይለካም።

መልስ፦ ጸልዩ። ጸልያችሁ ተሳፈሩ። የተጨነቀን ሰው ግን እምነትህ አንሶ ነው አትበሉት። አፍሮ ይደብቀዋል፣ ዓመታት ይባክናሉ።

የሜሪላንዷ፦ እዚህ አሜሪካ ቤይ ብሪጅ የሚባለውን ረጅም ድልድይ እየነዳሁ መሻገር አቅቶኛል። መኪናዬን ከፍዬ ነው የማሻግረው።

መልስ፦ ድልድዩ 7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከውኃው በጣም ከፍ ይላል፣ መሃል ላይ መቆሚያ የለውም። የሚፈሩትን የሚያሻግር አገልግሎት እዚያ ያለው ብዙ ሰው ስለሚፈራው ነው። ግን በከፈልሽ ቁጥር «ብቻዬን አልችልም» የሚለው ይጠነክራል። መጀመሪያ ሌላ ሰው ሲነዳ ጎኑ ተቀምጠሽ ተሻገሪ፤ ዓይንሽን ሳትጨፍኚ፣ እጀታ ሳትጨብጪ፣ የሌለ ፍሬን ሳትረግጪ። እነዚህ ትንንሽ መሸሻዎች ናቸው። ቀጥሎ ከአጫጭር ድልድዮች ጀምረሽ አንቺ ንጂ፣ እሱ ጎንሽ ይቀመጥ። እየነዳሽ ከመጣብሽ ድንገት አትቁሚ። መሪውን ጠበቅ ያደረገውን እጅሽን ዘና አድርጊ፣ ፍጥነትሽን ጠብቂ፣ ሩቅ እዪ። ካስፈለገሽ ከድልድዩ ወጥተሽ ደህና ቦታ ቁሚ።

እናት፦ ልጄ መኪና ውስጥ ያስመልሰዋል።

መልስ፦ ይሄ ሌላ ነው፤ ዓይንና የውስጥ ጆሮ ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚመጣ ነው። ስልክ ይንሡት፣ ወደ ፊት ሩቅ ይይ። ካልተሻለው የሕፃናት ሐኪም ያማክሩ።

ስም አይጠቀስ፦ ባለቤቴ የመኪና አደጋ ከደረሰበት ሦስት ወር ሆነው። ቁስሉ ድኗል። ሌሊት ግን እየጮኸ ይነሳል፣ የፍሬን ድምፅ ሲሰማ ይርበተበታል፣ ያንን መንገድ አያልፍም። «እርሳው» ስለው ይቆጣኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ «እርሳው» አትበይው። ቢችል ረስቶት ነበር። ከአደጋ በኋላ ባሉት ሳምንታት እንዲህ መሆን ያለ ነው፤ ብዙዎቹ በራሳቸው ይረጋጋሉ። ከወር ካለፈ ግን ሕክምና ያስፈልገዋል። ከላይ ያልኩትን ደረጃ ለብቻችሁ አትሞክሩት፣ ያንን መንገድም በግድ አታሳልፊው። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ ሌላ ከተማ ከሆናችሁ ሪፈራል ሆስፒታል ሄዳችሁ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ጠይቁ። የደረሰበትን በውስጡ እንዲያፍነው ሳይሆን እንዲናገረው የሚረዳው ባለሙያ ያስፈልገዋል። እስከዚያ መጠጥ እንዳይጀምር ተከታተዪ። ሊያወራሽ ሲፈልግ ስሚው። ራሱን ስለ መጉዳት ካወራ ዛሬውኑ ውሰጂው።

ሳሚ፦ ፕሮፕራኖሎልስ፣ የልብ ምት የሚያዘገየው ክኒን? እህቴ አላት።

መልስ፦ ስለ ሰው ክኒን አሁን መልሻለሁ፣ ወደ ላይ አንብብ። አስም ላለበት ሰው ይሄኛው አደገኛ ነው። ሐኪም ጠይቅ።

የማርቆሷ፦ አንድ ጥያቄ ብቻ። ወንድሜ ሊወስደኝ ይችላል፣ ግን ይስቅብኛል። ብቻዬን ልሂድ?

መልስ፦ ብቻሽን አትጀምሪ፣ ከሚስቅብሽ ጋርም አትሂጂ። የጻፍኩትን አስነብቢው። «ደህና ነሽ? ደህና ነሽ?» እያለ እንዳይጠይቅሽ፣ መንገድ ላይ አዙሮ እንዳይመልስሽም ንገሪው፤ ዝም ብሎ ይንዳ። ካልሆነለት ሌላ ሰው ፈልጊ። ቅዳሜ ሱሉልታ ደርሰሽ ስትመለሺ ቁጥሩን ጻፊልኝ።