መልስ፦ የደም አንቲኦክሲደንት ምርመራ የአትሌትን ውጥረት ያሳያል ወይ?

ግማሽ ማራቶን እንደጨረሱ በተወሰደው ደም ውስጥ አጠቃላይ የአንቲኦክሲደንት (ሴሎችን ከኦክሳይድ ጉዳት የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች) መጠን ከፍ ብሎ በመገኘቱ «ሰውነቴ ውጥረቱን ተቋቁሟል ማለት ነው?» ብለው ጠይቀዋል፤ ከዚህ ቁጥር ብቻ ተነስቶ እንዲያ ማለት አይቻልም። ጡንቻ በብርቱ ሲሠራ የኃይል ምንጩ የሆነው ኤቲፒ ተሰባብሮ በመጨረሻ ዩሪክ አሲድ ይሆናል፤ ዩሪክ አሲድ ራሱ አንቲኦክሲደንት ስለሆነና በፕላዝማ (በደም ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ፣ የጥቅሉን ቁጥር በአብዛኛው ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው። በላብ ብዙ ፈሳሽ ከወጣም የፕላዝማው መጠን ስለሚቀንስ ሌላውም ንጥረ ነገር የበዛ ይመስላል። ስለዚህ በእኔ እይታ በደም ሴሎች ውስጥ ካለው ግሉታታዮን ከተባለ አንቲኦክሲደንት ምን ያህሉ ኦክሳይድ እንደሆነ (ማለትም በመከላከል ሥራ ላይ እንደዋለ)፣ በዕረፍት ቀን ከተወሰደ የራስዎ ደም ጋር ተነጻጽሮ ቢታይ ይሻላል።

የስሜት ውጥረትን በተመለከተ፣ የፉክክር ጭንቀት ገና ሩጫው ሳይጀመር ኮርቲሶል የተባለውን የውጥረት ሆርሞን ከፍ ሊያደርግ ቢችልም፣ አንቲኦክሲደንቶች ጭንቀቱን ከአካል ድካሙ ለይተው አይነግሩንም፤ የእንቅልፍና የስሜት መጠይቅ (ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም) አብሮ ሊሞላ ይገባል።

ቁጥሩን ለማሳደግ ብለው ግን ቫይታሚን በብዛት እንዳይወስዱ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የጀርመን ጥናት በየቀኑ 1000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ እና 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ የወሰዱ ወጣቶች፣ ልምምዱ ለኢንሱሊን ሥራ የሚሰጠውን ጥቅም እንዳላገኙ አሳይቷል።