ጥያቄና መልስ፦ ኦፕራሲዮን ለሆኑ ልጆች የቪአር መነጽር

ሲስተር፦ የምሠራው የልጆች ቀዶ ሕክምና ዋርድ ነው፤ ተረኛ ልገባ ስለሆነ እስከዚያው ጠይቁ። የቪአር መነጽር ማለት ዓይንን ሸፍኖ ልጁን ሌላ ቦታ ያለ የሚያስመስለው ነው። ቀድሜ ልበል፦ መነጽሩ ማስታገሻን አይተካም።

የኪዱ እናት፦ ሲስተርዬ፣ ልጄ 7 ዓመቱ ነው፣ ትርፍ አንጀት ኦፕራሲዮን ሆኗል። ፋሻው ሲቀየር ክፍሉን በጩኸት ያናጋዋል። ጎረቤት ስልክ የሚገባበት መነጽር አውሶናል፤ እውነት ይረዳዋል?

ሲስተር፦ በአግባቡ ከተደረገ ሊረዳው ይችላል። ልብ ብለሽ ከሆነ ጩኸቱ የሚጀምረው ፕላስተሩ ሲነሳ ሳይሆን የነርሷ ጋሪ በሩ ላይ ሲንኳኳ ነው። ፍርሃቱ ሕመሙን ያባብሰዋል፤ ዓይኑም ከቁስሉ አይነሳም። መነጽሩ ዓይኑንም ጆሮውንም ይወስድበታል፤ በረዶ በመወርወር የተጠመደ ልጅ ለቁስሉ የሚተርፈው ሐሳብ ትንሽ ነው። በረዶ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ አሜሪካ ሲያትል፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ ተመራማሪዎቹ ሆፍማንና ፓተርሰን እሳት ላቃጠላቸው ታካሚዎች የሠሩት ጨዋታ በረዷማ ሸለቆ ነው። አንቺ ግን ጋሪው ከመምጣቱ 5 ደቂቃ ቀድመሽ አድርጊለት፣ ጋደም ይበል፣ አንገት የሚያዟዙር ነገር አይሁን። ኮሜዲ ደግሞ አደራ! ሆዱ የተሰፋ ልጅ ሲስቅ ስፌቱን ይዞ ያለቅሳል።

ቴክ አራዳ፦ እንደሱ ዓይነት ፒያሳም ይሸጣል። ስልክ የማያስፈልገው ኩዌስትስ?

ሲስተር፦ ርካሹ ለቪዲዮ ይበቃል፣ ስልኩ እንዳይግል እያያችሁ። ኩዌስት 2 ግማሽ ኪሎ ይመዝናል፤ አምራቹ ሜታም (የፌስቡክ ባለቤት) ከ10 ዓመት በታች አይፈቅድም። ባለሙያ አጠገቡ ቆሞ ለ10 ደቂቃ ማድረግ ሌላ፣ ገዝቶ ለልጅ ማስረከብ ሌላ። ዋጋ አትጠይቁኝ።

ሚሚ፦ ልጄን እያመመው ነው ምን ላድርግ

ሲስተር፦ የት? ምን ተሠርቶ? ስንት ኪሎ ነው? እንዲህ ተጠይቆ አይመለስም። ትኩሳት፣ የሆድ መነፋት፣ ትውከት ወይም መግል ካለ ግን እዚህ አትጻፊ፣ ታክሲ ያዢ።

ጋሽ ሜክሲኮ፦ በኛ ጊዜ ከረሜላ ይበቃ ነበር። ልጅን በስክሪን ማደንዘዝ!

ቴክ አራዳ፦ ጋሼ፣ በእርስዎ ጊዜ አራት ሰው ይዞት ነበር ቁስሉ የሚታሸገው።

ጋሽ ሜክሲኮ፦ ቢያዝስ? አላደግንም?

የኪዱ እናት፦ እኔ «አያምህም» እለዋለሁ፣ ይረጋጋል።

ሲስተር፦ የምጣላው እዚህ ላይ ነው። አንዴ «አያምህም» ተብሎ ካመመው፣ በሚቀጥለው አንቺንም እኔንም አያምንም፤ መነጽሩንም «ሊያታልሉኝ ነው» ብሎ ይወረውረዋል። ስንቱን አይቻለሁ! «ትንሽ ይቆነጥጥሃል፤ እጅህን ስታነሳ ይቆማል» በይው፤ ሲያነሳ ደግሞ የእውነት ይቁም። ለነርሷም ቀድመሽ ንገሪያት። ጋሽ ሜክሲኮ፣ ከከረሜላው ጋር ተረት ከጨመሩበት እስማማለሁ፤ መብራት ሲጠፋ ቻርጅ የማይጠይቅ እሱ ነው።

ዳኒ፦ ጥናት አለው ወይስ ወሬ ነው?

ሲስተር፦ አለው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን በልጆች ላይ የተሠሩ 17 ጥናቶችን መርምሮ ማስረጃው ገና ደካማ ነው ብሏል። አይተካም ማለቴ ለዚህም ነው።

ሚሚ፦ መነጽሩ ካለ ሽሮፑን ልተወው?

ሲስተር፦ ኧረ በማርያም! ስንቴ ልበል? አይተካም! ፓራሲታሞል በኪሎ 15 ሚሊግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። 20 ኪሎ ለሆነ ልጅ 300 ሚሊግራም ማለት ነው። በወጥ ቤት ማንኪያ አትስፈሩ። የጎረቤት ትራማዶል (ጠንካራ ማስታገሻ) ደግሞ ከ12 ዓመት በታች በፍጹም።

ዳኒ፦ የሚጥል በሽታ ካለበትስ?

ሲስተር፦ መነጽሩ አይደረግለትም። ከማደንዘዣ ነቅቶ የሚያቅለሸልሸውም ይቆይ።

የኪዱ እናት፦ ነገ ጠዋት 4 ሰዓት ፋሻው ይቀየራል፤ ሽሮፑን መቼ ልስጠው?

ሲስተር፦ 3 ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ወዲህ ካልወሰደ። መነጽሩን በአልኮል ጥረጊው፣ የሌላ ልጅ ፊት ነክቷል። ቪዲዮውን ዛሬ ማታ ራሱ ይምረጥ።