መጨረሻውን ልቀይረው ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት ዳይሬክተር ጥያቄ ላከችልኝ። ስለ ጨለመ የወደፊት ዓለም የሚተርክ አጭር የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ሠርታለች። ለሰዎች ስታሳየው አስተያየቱ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «ከአእምሮዬ አልወጣ አለ» አላት። ግማሹ ደግሞ «ተስፋ የሚባል ነገር የለውም፤ ለምን አየሁት?» አለ። «ጋሼ፣ መጨረሻውን ልቀይረው ወይ?» ትላለች።

ሳነበው ሆዴ ባር ባር አለ። ይኸው ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት ለሌላ ሰው ሲቀርብ እዚያው ነበርኩ። ለእሷ የጻፍኩትን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ለሁላችሁም ላካፍላችሁ።

ያኔ ረዳት ኤዲተር ነበርኩ። ፊልም በእጅ የሚቆረጥበት፣ በቴፕ የሚቀጠልበት ጊዜ ነው። ዳይሬክተራችን ድምፁ የማይሰማ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። የሠራው ፊልም ውሃ ስለነጠፈበት ዓለም ነው። የቀረችውን ውሃ የያዙት ሰዎች ከአንድ ረጅም ግንብ ጀርባ ይኖራሉ። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ወደዚያ ግንብ ትጓዛለች። ታሪኩ ይኸው ነው። መጨረሻ ላይ በሩ ጋ ትደርስና ታንኳኳለች። አይከፈትም። ደግማ ታንኳኳለች። ከዚያ መሬት ላይ ተቀምጣ ልጇን ታወርድና ታቅፈዋለች። ካሜራው ንቅንቅ አይልም። ሙዚቃ የለም። የሁለቱ ትንፋሽ እየተሰማ ስክሪኑ ቀስ እያለ ይጨልማል።

ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት የሙከራ እይታ ተደረገ። ተመልካቾቹ ስለ ፊልሙ ምንም የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። ሲያልቅ ለእያንዳንዳቸው የአስተያየት ካርድ ታደለ። ካርዱ ላይ «እጅግ ጥሩ» ከሚለው ጀምሮ «መጥፎ» እስከሚለው ድረስ ሣጥኖች አሉ። ከሥር ሁለት ሦስት ባዶ መስመሮች ነበሩ። ፕሮዲዩሰሩ ምልክቶቹን አስቆጠረ። ግማሽ ለግማሽ ሆነ። «ግማሹን ሕዝብ ያስከፋ ፊልም አላወጣም» አለ። በቃ፣ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ።

ካርዶቹን አስሬ እንዳስቀምጥ ተሰጡኝ። ማታ ብቻዬን ሆኜ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። ያኔ ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «ጥሩ» ያሉት አብዛኞቹ ምንም አልጻፉም። ምልክት አድርገው ወደ ቤታቸው ሄደዋል። «መጥፎ» ያሉት ግን መስመሮቹ አልበቋቸውም። ካርዱን ገልብጠው ጀርባው ላይ ጽፈዋል። አንዷ «በሩን ልከፍትላት ከወንበሬ ልነሳ ምንም አልቀረኝ» ብላለች። ሌላው «እንዲህ ያለ ፊልም መሠራት የለበትም፤ እናቴን አስታወሰኝ» ብሎ ሲጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን በስቶታል። ቀዳዳውን በጣቴ ዳሰስኩት። ይህ ሰው ፊልሙን ጠልቶታል ወይስ ፊልሙ ገብቶታል? ሣጥኑ ይህን የመለየት አቅም አልነበረውም።

በነጋታው የተገለበጡትን ካርዶች ለይቼ ፕሮዲዩሰሩ ጋ ወሰድኩ። ከላይ ያለውን አየት አደረገና «መጥፎ ያለ ሰው መጥፎ ነው ያለው» ብሎ መለሰልኝ። እንደ እሱ አስተሳሰብ ልክ ነበር። ገንዘቡ የእሱ ነው፤ አደጋውም የእሱ። ከሳምንታት በኋላ አዲስ መጨረሻ ተቀረጸ። በሩ ይከፈታል፣ ብርሃን ይፈስሳል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል፣ ልጁ ውሃ ይጠጣል። የድሮውን ቆርጦ አዲሱን መቀጠል የረዳት ሥራ ስለሆነ እኔው ቀጠልኩት። በሁለተኛው የሙከራ እይታ ምልክቱ ሁሉ ወደ «ጥሩ» ዞረ። ካርዱን የገለበጠ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ፊልሙ ወጣ። የሰደበው የለም፤ ያስታወሰውም የለም። የድሮው መጨረሻ፣ ቅጂ የሚታተምበት ነጋቲቩም ጭምር፣ ፊልሙን የሠራው ድርጅት ባለቤት ሲለውጥ ከሌላ ጓዝ ጋር ተጣለ። ዳይሬክተሩ ስለዚያ በር ዳግም አንስቶ አያውቅም። አሁን በሕይወት የለም። ያንን ጨለማ ያየነው እኛ ጥቂቶች ብቻ ነን።

ሌሎች ፊልሞች የተሻለ ዕድል ገጥሟቸዋል። የዳይሬክተር ሪድሊ ስኮትን «ብሌድ ራነር» ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ እሱም ስለ ጨለመ የወደፊት ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 መጀመሪያ ላይ ዴንቨርና ዳላስ ለሙከራ ሲታይ ተመልካቹ ግራ ተጋባ፤ ከበደውም። የፊልሙ ባለቤቶች ደነገጡ። መሪ ተዋናዩ ሃሪሰን ፎርድ ታሪኩን በድምፅ እንዲያብራራ ተደረገ። ባለታሪኮቹ በመኪና ወደ ለምለም ተራራ የሚሄዱበት ደስ የሚል መጨረሻም ተቀጠለ። የተራራው ምስል እንኳ ሌላው ዳይሬክተር ስታንሊ ኩብሪክ ለራሱ ፊልም አስቀርጾ ያልተጠቀመበት ትርፍ ነው። ይህ ሁሉ ተደርጎም በዚያው ዓመት ጁን 25 ሲወጣ ገበያው አልቀናውም። ሕዝቡ ከሁለት ሳምንት በፊት የወጣውንና ደጉን የሌላ ፕላኔት እንግዳ የሚያሳየውን የስቲቨን ስፒልበርግን «ኢ.ቲ.» ሊያይ ይጎርፍ ነበር። ሆኖም የቀድሞው ቅጂ አልጠፋም። በ1992 ያለ ትረካውና ያለ ደስተኛው መጨረሻ የተዘጋጀ ቅጂ ወጣ። በ2007 ደግሞ ስኮት ራሱ የመጨረሻ ያለውን ቅጂ አወጣ። ዛሬ ሰው የሚያወራው ስለዚህኛው ነው።

ስለ ወደፊት ከተማ የሚተርከው ድምፅ አልባው የፍሪትዝ ላንግ ፊልም «ሜትሮፖሊስ»ም ታሪኩ ተቀራራቢ ነው። በ1927 በርሊን ላይ ሲታይ አስተያየቱ የተደበላለቀ ነበር። ስለ ወደፊቱ ዓለም በመጻፍ ስመ ጥር የነበረው ኤች. ጂ. ዌልስ ሳይቀር ጅል ፊልም ነው ብሎ አብጠለጠለው። ከፊልሙ ሩብ ያህሉ ተቆርጦ ወጣ። የተቆረጠው ለዘላለም ጠፋ ተብሎ ሲታመን በ2008 ቦነስ አይረስ በሚገኝ የፊልም ሙዚየም ውስጥ ረጅሙ ቅጂ ተገኘ። ምስሉ የተጫጫረ ነው፤ ግን አለ። ዜናውን የሰማሁ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የእኛም በር የሆነ ቦታ ተቀምጦ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እንደማይሆን እያወቅኩም አሰብኩ።

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ስለ ጨለማ ፊልም የሚሰጥ የተከፋፈለ አስተያየት አንድ ዓይነት አይደለም። «አልወደድኩትም» የሚል ሰው ከጀርባው በጣም የተለያየ ነገር ይዞ ይመጣል። አንዱ ታሪኩ አልገባውም። አንዱ ሰለቸው። አንዱ ፊልሙ ነካውና ሸሸ። ሌላው ትሬለሩን አይቶ ፍልሚያና ፍንዳታ ጠብቆ ነበር፤ ይህኛው የተጣላው ከማስታወቂያው ጋር ነው። እነዚህን ደምራችሁ በመቶኛ ብታስቀምጡ የምታገኙት ቁጥር ምንም አይነግራችሁም።

ስለ ቁጥር ከተነሳ፣ የፊልም ግምገማዎችን በሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ ድረ ገጽ ላይ የምታዩት መቶኛ የፊልሙ ማርክ አይደለም። ከገምጋሚዎቹ ስንቱ በአዎንታ እንደጻፈ ነው የሚነግራችሁ። ሁሉም «ደህና ነው፣ ይታያል» ቢሉ መቶ በመቶ ሊመጣ ይችላል። ግማሹ አልቅሶ ቢወድደው፣ ግማሹ ቢያማርረው፣ ሃምሳ ነው። ከስድሳ በታች ስለሆነ የተበላሸ ተብሎ ምልክት ይለጠፍበታል። ሲኒማስኮር የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ደግሞ ከ1979 ጀምሮ ፊልሙ በወጣበት ምሽት ከአዳራሽ የሚወጣውን ተመልካች እየጠየቀ በፊደል ደረጃ ይሰጣል። ለቀልድ ፊልም ጥሩ መለኪያ ነው። ልቡ ተሰብሮ ከበር ለሚወጣ ሰው ግን ያቺ ደቂቃ ፈጽሞ ሊጠየቅባት የማይገባ ሰዓት ናት። በሳምንቱ ብትጠይቁት ሌላ ነገር ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ የእናንተ ትውልድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። ፊልሙ ሳያልቅ ነጥብ ትሰጣላችሁ። ስልክ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ አንዳንዴም ፍጥነቱን ጨምራችሁ ታያላችሁ። ዝምታ በፍጥነት ሲታይ ዝምታ አይሆንም። ያቺ እናት በሩ ሥር የተቀመጠችበትን ጊዜ ያሳጠረ ሰው ፊልሙን አየሁ ሊል አይችልም። «ፊልም ማለት ሊያዝናና ነው» የሚለውም አባባል ያስቆጣኛል። ሰው ሊያዝንም፣ ሊፈራም፣ ሊቆጭም ሲኒማ ይገባል። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እኛ በእናንተ ዕድሜ ስለ አንድ ፊልም የምናወራው ቢበዛ ለአንድ ምሽት ነበር። እናንተ ስለ አንድ ትዕይንት ወር ሙሉ ስትከራከሩ፣ ምስሉን አቁማችሁ ከግድግዳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ስታነቡ አያለሁ። በዚህስ ትበልጡናላችሁ።

ተመልካችን አትስሙ እያልኩ እንዳይመስላችሁ። እርግጥ እስካሁን ያልኩት ወደዚያ ያደላል፤ አውቃለሁ። ያንኑ የበሩን ፊልም ውሰዱ። መካከሉ ላይ እናትየዋ በረሃ የምታቋርጥበት ክፍል ነበር። ዳይሬክተሩ ይወድደው ነበር፤ እኔም እወድደው ነበር። ተመልካቹ ግን እዚያ ላይ አሳለ፣ አሳለ፣ አሁንም አሳለ። እዚያ ላይ ልክ የነበረው ተመልካቹ ነው። ያ ክፍል አጥሮ ቢሆን ኖሮ ሰው ሳይደክመው በሩ ጋ ይደርስ ነበር፤ ምናልባት ካርዱም ሌላ ይል ነበር። የተቆረጠው ግን በሩ ነው፤ በረሃው እንዳለ ቀረ።

ስለ ማሳል ካነሳሁ አለቃዬን ላስታውሳቸው። ሥራውን ያስተማሩኝ አንጋፋ ኤዲተር ናቸው። በሙከራ እይታ ላይ ስክሪኑን አያዩም ነበር። የመጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠው የሰውን ትከሻና ጀርባ ይመለከታሉ። «የሰለቸው ሰው ይንቀሳቀሳል፤ ያዘነ ሰው ግን ይደርቃል» ይሉኝ ነበር። ጨለማ ውስጥ ትንሽ ማስታወሻ ይይዛሉ፤ ሰው ወንበሩ ላይ የተቁነጠነጠባትን ደቂቃ ይመዘግባሉ። ቡናማ ሹራባቸው ትዝ ይለኛል፤ ክርኑ ላይ በሌላ ክር የተጠገነ ነበር። በበሩ ትዕይንት ላይ ማስታወሻቸው ባዶ ነበር። አዳራሹ ሁሉ ደርቆ ነበርና።

ስለዚህ ለዚያች ልጅ የጻፍኩላት ይህን ነው። ፊልምሽን ስታሳዪ ከኋላ ተቀመጪ። «ወደድከው?» ብለሽ አትጠይቂ። «የት ላይ ደከመህ? ከሳምንት በኋላ ምኑ ትዝ አለህ?» ብለሽ ጠይቂ። የጠሉት ሰዎች ያነሱት ቦታ የተለያየ ከሆነ፣ በየቦታው የምታርሚው ጥቃቅን ነገር አለ። ሁሉም የጠሉት የመጨረሻዋን ደቂቃ ከሆነና ያችኑ ደቂቃ ሁሉም በቃላቸው ከያዟት፣ እባክሽ አትንኪያት። ከዚያ በፊት ግን ጨለማው ከታሪኩ የመጣ መሆኑን ራስሽን ጠይቂ። ተስፋ ማስቆረጥ ጥልቀት የሚመስላቸው ፊልሞች በዝተዋል። ሁሉንም ሰው ገድሎ መጨረስም ሁሉንም ከማዳን እኩል ቀላል ነው። የእኛ ዳይሬክተር በሩን የዘጋው ታሪኩን ሙሉ ያንን በር ማን እንደሚከፍትና ለማን እንደሚከፍት ሲያሳየን ስለቆየ ነው። ቢከፈት ኖሮ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ሐሰት ይሆን ነበር። ሆነም።

ፊልሟን ልካልኝ አየሁት። አራተኛው ደቂቃ አካባቢ ያለውን ንግግር ብታሳጥረው ይሻላል፤ ስክሪኑ ያሳየንን ገጸ ባሕሪዋ ደግማ ትነግረናለች። መጨረሻው አይነካ። ገንዘብ የሚሰጣት ሰው የግድ ይቀየር ካለም የተቀየረውን ለእሱ ትስጥ፤ ዋናውን ፋይል ግን ከነድምፁ፣ ካልተቆረጠው ቀረጻ ጋር፣ በሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ገልብጣ አንዱን ከቤቷ ውጭ ታስቀምጥ። ይህንን ዛሬውኑ አድርጊው ብያታለሁ። እናንተም አድርጉት።