የቪዲዮ ኮንታክት ሺት ስክሪፕት፦ ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጥር ሲመጣ ጎንደር ውስጥ ሃርድ ዲስክ ሁሉ ይሞላል። የከተራው ጉዞ አለ፣ ጥምቀተ ባሕር የታደረበት ሌሊት አለ፣ ከዚያ ሠርጉ ይከተላል። ካሜራው በቁጥር ብቻ የሰየማቸው ፋይሎች ይከመራሉ። የትኛው ውስጥ ምን እንዳለ ከሳምንት በኋላ የሚያስታውስ የለም።

እኔ የምንከባከበው ትንሽ የባሽ ስክሪፕት፣ ማለትም ባሽ የሚባለው የሊኑክስ ፕሮግራም በተራ የሚፈጽማቸው ትዕዛዞች የተጻፉበት ፋይል፣ ለዚህ ነው የሚያገለግለው። ከአንድ ቪዲዮ በእኩል ርቀት ትንንሽ ምስሎችን ያወጣል፣ ከእያንዳንዱ ሥር ሰዓቱን ይጽፋል፣ ሁሉንም በአንድ ገጽ ይደረድራል። ኮንታክት ሺት የሚባለው ይህ ገጽ ነው። ገጹን ያየ ሰው ፋይሉን ሳይከፍት ውስጡን ያውቃል። የከተማችን ፎቶ ቤቶችና ኤዲተሮች ስለሚጠቀሙበት «ያልገባችሁን ጠይቁ» ብዬ ነበር። የመጡት ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ በአጭሩ፣ ስክሪፕቱ ምንድን ነው የሚሠራው?

መልስ፦ በኤፍኤፍፕሮብ የቪዲዮውን ርዝመት ይጠይቃል። ርዝመቱን አካፍሎ ምስል የሚወሰድባቸውን ሰዓቶች ያወጣል። ኤፍኤፍኤምፔግ ከየሰዓቱ አንድ አንድ ምስል ያወጣለታል፣ ኢሜጅማጂክ ይደረድርለታል። ስክሪፕቱ ራሱ ቪዲዮ መፍታት፣ ማለትም ታምቆ የተቀመጠውን ወደሚታይ ምስል መመለስ፣ አይችልም፤ ሦስቱን ፕሮግራሞች ያገናኛል እንጂ። ችግርም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው እነሱ በሚቀባበሉበት ቦታ ላይ ነው።

የሁለት ሰዓት ቪዲዮ 7200 ሴኮንድ ነው። 20 ምስል ከፈለግን ለ21 እናካፍላለን፤ በየ5 ደቂቃ ከ43 ሴኮንዱ አንድ ምስል ማለት ነው። ለ21 የሆነው የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ቅጽበት ለመዝለል ነው። እነሱ ብዙ ጊዜ ጥቁር ናቸው።

ጥያቄ፦ 15 ሴኮንድ ብቻ የሆነ የስልክ ቪዲዮ ሰጠሁት። 20ውም ምስል አንድ ዓይነት ሆኖ ወጣ። ምን ነካው?

መልስ፦ የያዝከው ቅጂ ማካፈሉን በባሽ ራሱ የሚሠራ ነው። ባሽ የሚያውቀው ሙሉ ቁጥር ብቻ ነው። 15ን ለ21 አካፍል ስትለው 0 ይልሃል። የየምስሉ ሰዓት የሚገኘው ይህን በምስሉ ተራ ቁጥር በማባዛት ነው፤ 0ን በምንም ብታባዛው ያው 0 ነው፤ ምስሎቹ በሙሉ ከመጀመሪያው ቅጽበት ይወሰዳሉ። በረጅም ቪዲዮም ስህተቱ አለ፣ ግን ዓይን ውስጥ አይገባም። 7200 ለ21 በባሽ 342 ብቻ ይሆናል። ሃያኛው ምስል ጋ ሲደረስ 17 ሴኮንድ ተዛንፏል። ስሌቱን አውክ ለሚባለው ፕሮግራም ስጠው፤ አውክ ነጥብ ያለው ቁጥር ያውቃል።

ከሁሉም በላይ የምፈራው እንዲህ ያለውን ስህተት ነው። ስክሪፕት ሲሰበር ሰው ያያል፣ ይጠይቃል። ሳይሰበር የተሳሳተ ገጽ ከሰጠ ግን ኤዲተሩ ገጹን አምኖ «ይሄ ባዶ ነው» ይልና ፋይሉን ያጠፋዋል። የሰው ሠርግ ነው የሚጠፋው። ስለዚህ አሁን ሁለት ተከታታይ ሰዓቶች እኩል ሆነው ከተገኙ ስክሪፕቱ ይቆማል። ለምን እንደቆመም በአማርኛ ይናገራል። የተሳሳተ ገጽ ከሚወጣ ጭራሽ ባይወጣ ይሻላል።

ጥያቄ፦ እህቴ ከጀርመን ባመጣችልኝ ላፕቶፕ ላይ ሰዓቱን አላውቀውም ብሎ እምቢ አለ። ያው ቪዲዮ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል።

መልስ፦ ላፕቶፑ በጀርመንኛ ነው የተዘጋጀው አይደል? ጀርመኖች እኛ ነጥብ በምናደርግበት ቦታ ኮማ ያደርጋሉ። ስሌቱን የሚሠራው ፕሮግራም የአገሩን ልማድ ተከትሎ 342,857 ብሎ ሊያወጣ ይችላል። ኤፍኤፍኤምፔግ ደግሞ የሚቀበለው 342.857 ነው። መፍትሔው የቁጥር አጻጻፍን የሚወስነውን «ኤልሲ ኒውሜሪክ» የሚባለውን ቅንብር ብቻ «ሲ» ማድረግ ነው፤ «ሲ» የየትኛውም አገር ልማድ ያልሆነ መደበኛ አጻጻፍ ነው።

ብዙ ሰው የቋንቋና የአገር ቅንብሮችን ሁሉ በአንዴ የሚወስነውን ይዞ «ኤልሲ ኦልን ሲ አድርገውና ተገላገል» ብሎ ይመክራል። ለእኛ አይሆንም። ያኔ ባሽ የግእዝ ፊደልን በፊደልነቱ መቁጠር ትቶ በባይት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ፊደሉን በሚያስቀምጥባቸው ቁርጥራጮች፣ ይቆጥራል፤ ረጅም ስም ሲያሳጥርም ፊደሉን መሐል ላይ ይቆርጠዋል። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ «ኤልሲ ኦል» ቀድሞ ተሞልቶ ከሆነ ሌሎቹን ይጫናል። መጀመሪያ እሱን ባዶ አድርገው።

ጥያቄ፦ የሦስት ሰዓት ሠርግ ሰጥቼው ምሳ በልቼ ስመለስም አላለቀም። ኮምፒውተሬ ደካማ ሆኖ ነው?

መልስ፦ ኮምፒውተርሽን ተዪው፣ መጀመሪያ የትዕዛዙን ቅደም ተከተል እዪ። ወደ ሰዓቱ የሚያዘልለው «ኤስኤስ» ፋይሉን ከሚያስገባው «አይ» በፊት መጻፍ አለበት። ከፊት ከተጻፈ ኤፍኤፍኤምፔግ በዚያ ሰዓት አቅራቢያ ወዳለው ሙሉ ምስል ዘሎ ከዚያ ይጀምራል። ከኋላ ከተጻፈ ግን ከ0 ተነሥቶ እያንዳንዱን ምስል ይፈታል፣ የማይፈለገውን ይጥላል። ለሃያኛው ምስል ሲል ሠርጉን ከሞላ ጎደል በሙሉ ይፈታዋል። ለ19ኛውም እንዲሁ አድርጎ ነበር።

የቆዩ መመሪያዎች «ከፊት ከጻፍከው ሰዓቱ ይዛነፋል» ይላሉ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ከወጣው 2.1 ቅጂ ወዲህ ይህ ቀርቷል። ከፊት ጽፈሽም ትክክለኛውን ቅጽበት ታገኛለሽ።

ጥያቄ፦ ፎልደር ሙሉ ስሰጠው የመጀመሪያውን ሠርቶ ያቆማል። አንዳንዴ ደግሞ የሁለተኛውን ፋይል ስም ከፊቱ ቆርጦ «እንዲህ የሚባል ፋይል የለም» ይላል።

መልስ፦ ይህ ስንቱን ሰው አድክሟል! የፋይሎቹ ዝርዝር ወደ ስክሪፕቱ የሚገባው በመደበኛው ግቤት፣ ማለትም ከኪቦርድ የሚጻፈው ጭምር በሚገባበት በር፣ በኩል ነው። ስክሪፕቱ ለእያንዳንዱ ፋይል እየደጋገመ የሚጠራው ኤፍኤፍኤምፔግም ከዚያው ያነባል፤ ሥራ ላይ እያለ ከኪቦርድ ትዕዛዝ ይጠብቃልና። ስለዚህ ቀሪውን ዝርዝር ሰው የጻፈው መስሎት ይበላዋል። የተቆረጠው ስም የተበላው ስም ነው። «ኖኤስቲዲን» የሚለውን አማራጭ ለኤፍኤፍኤምፔግ ጨምርለት። በቃ፣ ያልቃል።

ጥያቄ፦ የፋይሉን ስም በአማርኛ ስጽፍ ገጹ አናት ላይ ባዶ ሳጥን ሳጥን ይወጣል።

መልስ፦ ኢሜጅማጂክ የመረጠው ፎንት ግእዝ የለውም ማለት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ሲልን ጫንና ስክሪፕቱ መጀመሪያ ላይ የፎንቱን ፋይል ሙሉ አድራሻ ስጠው። በስሙ ብቻ መጥራት ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ይለያያል፤ አድራሻው ያስተማምናል። የትኞቹ ፎንቶችህ አማርኛ እንደሚችሉ «ኤፍሲ ሊስት» የሚባለው ትዕዛዝ ይነግርሃል።

ስለ ስም ከተነሣ፣ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ሊኑክስ ላይ የተለመደው ኢኤክስቲ4 የሚባለው የዲስክ አደረጃጀት ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው። 85 ፊደል መሆኑ ነው። የሙሽራውን፣ የሙሽሪትን፣ የቦታውንና የቀኑን ስም በአንድ ፋይል ላይ የሚጽፍ ሰው እዚያ ይደርሳል። ስክሪፕቱ ከኋላው የራሱን ቅጥያ ሲጨምርበት ደግሞ ያልፋል። አሁን ሳይጀምር ባይቱን ቆጥሮ ያስጠነቅቃል። ስሙ ውስጥ የፐርሰንት ምልክት ካለም ኢሜጅማጂክ የራሱ ትዕዛዝ ስለሚመስለው ምልክቱን እጥፍ አድርገን እንሰጠዋለን።

ጥያቄ፦ ለጥር 11 አጥቢያ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በስልክ የቀረጽኩት ቪዲዮ፣ ገጹ ላይ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ሄዶ ተጻፈ።

መልስ፦ ስልክህ ፋይሉ ውስጥ የሚጽፈው የእኛን ሰዓት አይደለም፣ የግሪኒችን እንጂ። እኛ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በፈረንጆቹ 2 ሰዓት ነው። ሦስት ሲቀነስለት ያለፈው ቀን 23 ሰዓት ይሆናል፣ ቀኑም አብሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጥምቀት ላይ ይህ በየዓመቱ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ የሌሊቱ ማሕሌት የሚቀረጸው ልክ በእነዚያ ሰዓቶች ነውና።

ታዲያ 3 መደመር አይበቃም ወይ? አይበቃም። ብዙ ካሜራዎች የአካባቢውን ሰዓት ይጽፉና የግሪኒች ነው ይሉታል። በእነሱ ላይ 3 ከደመርክ ሌላ ስህተት ፈጠርክ። ስለዚህ ስክሪፕቱ አይገምትም፤ ስንት ሰዓት እንደሚደምር አንተ ትነግረዋለህ። ለማወቅ ቀላል ነው። በካሜራው የስልክህን ሰዓት ለጥቂት ሴኮንድ ቅረጽ። ቪዲዮው ውስጥ የሚታየውን ሰዓትና ኤፍኤፍፕሮብ የሚያወጣውን አስተያይ። ልዩነቱን ካሜራው ላይ ለጥፈህ ያዝ። ወደ እኛ ዘመን አቆጣጠር መለወጥ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሰዓቱ ሳይስተካከል ቀኑን መለወጥ ስህተቱን ማባዛት ነው።

ጥያቄ፦ ከድሮ ካሴት ያስገለበጥነው ሠርግ ላይ ሰው ሁሉ ቀጭን ሆኖ ይታያል፣ ጠርዙም እንደ ማበጠሪያ ይሰነጣጠቃል።

መልስ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ ቪዲዮ 720 በ576 ነው። የዚህ ዓይነት ቪዲዮ ነጠብጣቦቹ፣ ማለትም ፒክስሎቹ፣ እኩል ጎን የላቸውም። ምስሉን ከማሳነስዎ በፊት ወርዱን ፋይሉ ውስጥ በተጻፈው የነጠብጣብ ምጥጥን እንዲያባዛው ያድርጉ፤ 4 ለ3 ከሆነ ወርዱ ወደ 768 ይጠጋል። ማበጠሪያው የሚመጣው ምስሉ በሁለት ግማሽ መስመሮች ስለተቀረጸ ነው። «ያዲፍ» የሚባለውን ማጣሪያ ያብሩት።

ጥያቄ፦ መሐል ላይ መብራት ሲጠፋስ? ከዜሮ ነው የምጀምረው?

መልስ፦ አይደለም። ገጹ መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ይሠራል፤ ሲያልቅ ብቻ እዚያው ፎልደር ውስጥ ስሙ ይቀየራል። ስለዚህ ትክክለኛ ስም የያዘ ገጽ ካየህ ያለቀ ነው። መብራት ሲመጣ እንደገና አስነሣው፤ ከቪዲዮው በኋላ የተሠራ ገጽ ያለውን ፋይል እየዘለለ ይቀጥላል። ሲወጣ ጊዜያዊ ፋይሎችን የሚጠርገው «ትራፕ» ግን መብራት በድንገት ሲጠፋ አይሠራም። የተረፈውን የሚጠርገው ቀጣዩ ሩጫ ነው።

ጥያቄ፦ ሊኑክሴን ካደስኩ ወዲህ «ኮንቨርት አርጅቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይጽፋል።

መልስ፦ ወደ ኢሜጅማጂክ 7 ገብተሃል። «ኮንቨርት» የኢሜጅማጂክ የድሮ ትዕዛዝ ነው፤ እዚያ ዋናው ትዕዛዝ «ማጂክ» ነው። ብዙ ኮምፒውተር ግን አሁንም 6 ላይ ስላለ «ማጂክ» የለውም። ስክሪፕቱ ሲነሣ የትኛው እንዳለ ይፈልግና ያገኘውን ይጠቀማል።

ጥያቄ፦ ለምን በፓይተን አትጽፈውም? ባሽ የጥንት ነገር ነው።

መልስ፦ ስሌቱ እየበዛ ከሄደ እጽፈዋለሁ። አሁን ግን ሥራው ፕሮግራም መጥራት ነው፣ ባሽ ደግሞ ለዚያ የተፈጠረ ነው። አንድ ኤዲተር ፋይሉን ከፍቶ የምስሉን ብዛት ራሱ መቀየር መቻሉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ዊንዶውስ ላይ በኖትፓድ ከፍታችሁ ስታስቀምጡት ግን ተጠንቀቁ። በየመስመሩ መጨረሻ የማይታይ ምልክት ከገባ ሊኑክስ «ባሽ የለም» ይላችኋል፣ ባሽ እያለ።

ጥያቄ፦ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ስክሪፕቱን መርዳት እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የባሽ ስክሪፕት ስህተት ከሚፈልገው ፕሮግራም፣ ከሼልቼክ፣ ጀምሪ። ጥቅስ የጎደለበትን ቦታ ሁሉ ያሳይሻል። ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ያለውን ፋይል ያለ ጥቅስ ከጠራሽው ባሽ ሁለት ፋይል ያደርገዋል። ይህ በማሳያ ትዕዛዝ ላይ ብስጭት ነው፤ በማጥፊያ ትዕዛዝ ላይ ግን ያልታሰበ ፋይል ያጠፋል።

ከዚያ ፈተና ጻፊ። ኤፍኤፍኤምፔግ ራሱ «ቴስትሶርስ» የሚባል መፈተኛ ቪዲዮ ይሠራል፤ ምስሉ ላይ ሴኮንድ የሚቆጥር ቁጥር አለው። የ100 ሴኮንድ ሠርተሽ ስክሪፕቱን አሂጂበት። ከምስሉ ሥር የተጻፈው ሰዓትና ምስሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ካልተገጣጠሙ የሆነ ነገር ተሰብሯል። እኔ ማንኛውንም ለውጥ የምቀበለው ይህን ካለፈ ብቻ ነው። አማርኛ ስም፣ ክፍት ቦታ ያለው ስም፣ በሰረዝ የሚጀምር ስም፣ 1 ሴኮንድ ብቻ የሆነ ቪዲዮ፣ ድምፅ ብቻ ያለው ፋይል፣ ሁሉንም ሞክሪባቸው።

ጥያቄ፦ የካሜራው ባትሪ መሐል ላይ አለቀና ኤምፒ4 ፋይሉ አይከፈትም። ስክሪፕቱም ይጥለዋል።

መልስ፦ ኤምፒ4 ማውጫውን፣ ማለትም የትኛው ምስል የት እንዳለ የሚናገረውን ክፍል፣ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ቀረጻው ሲዘጋ ነው። ባትሪው ቀድሞ ስላለቀ ማውጫው አልተጻፈም፤ ምስሎቹ ግን እዚያው ሊኖሩ ይችላሉ። ሚሞሪው ላይ ምንም አትቅረጽ፣ ፎርማትም አታድርግ። መጀመሪያ ፋይሉን ገልብጥ። «አንትራንክ» የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ቅንብር የተቀረጸ ጤነኛ ፋይል ስትሰጠው ማውጫውን እንደገና ለመሥራት ይሞክራል።

ጥያቄ፦ ችግር ሲገጥመን ምን እንላክልህ?

መልስ፦ የሠርጉን ቪዲዮ አትላኩ። የደንበኛችሁ ነው፣ የሚልከው ኢንተርኔትም የለም። የኤፍኤፍፕሮብን ጽሑፍ፣ የባሽንና የኤፍኤፍኤምፔግን ቅጂ ቁጥር፣ ስክሪፕቱ የጻፈውን መልእክት በሙሉ ላኩ። የመልእክቱን ፎቶ አንሥታችሁ ሳይሆን ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ። የፋይሉንም ስም «ቪዲዮ 1» ብላችሁ አታሳምሩት፤ ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው ስሙ ውስጥ ነው።